የአዊ ቀይ አፈር፦ በእግር፣ በማሳ፣ በዛፍና በጉድጓድ ላይ ተመራማሪዎች ምን አገኙ?

ከዳንግላ ተነስቶ በአዲስ ቅዳም በኩል እንጅባራ የገባ ሰው የሚያየው ነገር ይታወቃል። ቀይ አፈር፣ ጥቅጥቅ ያለ የዲከረንስ ዛፍ፣ መንገድ ዳር የተደረደረ የከሰል ጆንያ፣ በጓሮ የተቆፈረ ጉድጓድ። ከገበያ በሚመለሰው ሰው መሃል ደግሞ እግራቸው አብጦ ቀስ እያሉ የሚሄዱ እናትና አባት አይጠፉም። እኛ ለምደነዋል፣ አይተን እናልፋለን።

የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ አጥንተዋቸዋል። የሕክምና፣ የአፈር፣ የደንና የውሃ ምህንድስና ሰዎች ባለፉት ዓመታት ብዙ ጽፈዋል። ችግሩ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚታተመውም የሰፈራችን ሰው በማያገኘው መጽሔት ላይ ነው። ስለዚህ ዋና ዋናውን በአንድ ቦታ ሰብስበን አቅርበናል። ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት፣ ሲያስፈልግ ትመለሱበታላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

■ መጀመሪያ፦ አፈሩ ለምን ቀይ ሆነ?

አዊ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ሐይቅ ራሱ በድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የወጣው ቀልጦ የረጋ ድንጋይ (ባዛልት ይሉታል) በብዙ ሺህ ዓመታት ዝናብና ሙቀት ተፈረካክሶ አፈር ሆነ። በውስጡ ያለው ብረት ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይዝጋል። ቀይ ቀለሙ እሱ ነው፣ ዝገት ማለት ነው።

ዝናቡ ደግሞ ብዙ ነው። ዳንግላ አካባቢ በዓመት ወደ 1600 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፣ አብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሚወርድ ነው። ይህን ሁለት ነገር ያዙልን፦ የእሳተ ገሞራ አፈር እና ብዙ ዝናብ። ከታች ያለው ሁሉ የሚመጣው ከእነዚህ ነው።

■ እግር፦ በሽታው እርግማን አይደለም

«ዝሆኔ» ወይም «የዝሆን እግር» የምንለው እብጠት ሁለት ዓይነት መነሻ አለው። አንደኛው ፊላሪያሲስ ይባላል፤ ትንኝ የምታስተላልፈው ጥገኛ ትል ያመጣዋል። እንደኛ ባለ ደጋና ወይና ደጋ፣ ቀይ አፈር ባለበት አገር የሚበዛው ግን ሌላው ነው፤ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ትል የለበትም፣ ተህዋስ የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት የተሠራ ነው።

መንስኤውን በማሳየት ስሙ የሚነሳው በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በ1970ዎቹ የታማሚዎችን ንፍፊት መርምሮ ከአፈር የገቡ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች አገኘ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ቆዳው ይሰነጠቃል። ሲሊካ ያለባቸው በዓይን የማይታዩ የአፈር ቅንጣቶች በዚያ ይገባሉ። ሰውነት እነሱን ለመከላከል ሲታገል ፈሳሽ የሚመላለስባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ይቆጣሉ፣ ይደፈናሉ። ፈሳሹ መውጫ ያጣል፣ እግር ያብጣል።

እና ሁላችንም በባዶ እግር አድገን ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል? በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ሲታመም «የዘር እርግማን ነው» የሚባለውስ? እዚህ ላይ የኢትዮጵያውያን ሥራ ትልቅ ነው። በ2007 የታተመ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከወላይታ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኛ ሰዎችን አነጻጽረው ውጤቱን «ዘ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ አወጡ። በዓለም ላይ ካሉ የሕክምና መጽሔቶች ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ያገኙት ነገር፣ የሰውነትን የመከላከል ሥራ የሚመሩ አንዳንድ ዘረ መሎች ያላቸው ሰዎች ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን ነው።

ይህን በቀላሉ እንበለው። በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው። በሽታው እንዲመጣ ግን አፈሩ እግር ውስጥ መግባት አለበት። ተጋላጭ የሆነ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ እግሩ ሊያብጥ አይገባም። በሰሜን አፍሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አካባቢዎችም በሽታው ድሮ ነበር፤ ሕዝቡ ጫማ ሲለምድ ጠፋ። ክትባት አላስፈለገም።

ስፋቱስ? በመላ አገሪቱ የተደረገ የካርታ ጥናት ከ1,300 በላይ በሆኑ መንደሮች ወደ 130,000 የሚጠጉ አዋቂዎችን አይቷል። ከዚያ በመነሳት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ገደማ አዋቂዎች በበሽታው እንደተያዙ ተገምቷል። ዝናብ የሚበዛበትና የእሳተ ገሞራ አፈር ያለው ከፍታ ቦታ ሁሉ ለአደጋው የተጋለጠ ነው።

አንዴ ካበጠስ? «መድኃኒት የለውም» ተብሎ የሚተወው ስህተት ነው። ምስራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተደርጎ በ2018 «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» ላይ ታትሟል። ለግማሾቹ እግር አጥቦ መንከባከብን፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ሰጧቸው፤ ሌሎቹ ያንኑ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። የተለካው ታማሚን አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ ሕመም፣ ትኩሳትና እብጠት ስንት ጊዜ እንደተነሳ ነው። እንክብካቤውን ያገኙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ያላገኙት 23.9 ጊዜ ታመሙ። ቁጥሩን ልብ ብላችሁ እዩት። እንክብካቤው አራት አምስት ጊዜ ከመውደቅ አድኗል፤ ግን ያገኘው ሰውም ቢሆን በዓመት 19 ጊዜ ይወድቃል። በሽታው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ቀድሞ መከላከሉም ለምን እንደሚሻል ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

የመጀመሪያ ምልክቶቹ፦ የእግር ጣትና መዳፍ አካባቢ ማሳከክ፣ ማቃጠል፣ ማታ ማታ የሚመጣና ጠዋት የሚቀንስ እብጠት። ብዙ ጊዜ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለቱንም እግር ይይዛል። ይህን ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። እስከዚያው በየቀኑ በውሃና ሳሙና ታጥቦ፣ በጣቶች መሃል ጭምር አድርቆ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግም ይረዳል።

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ቡና ሲጠሩ የማይመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ኩሩ ናቸው ይባል ነበር። እግራቸውን እየደበቁ እንደነበር የገባኝ ትልቅ ሆኜ ነው። ፕራይስ መንስኤውን ካሳየ 50 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ያንን የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

■ ማሳ፦ ማዳበሪያ ገብቶ ምርት ለምን እምቢ ይላል?

ያ ሁሉ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ይዞ ይሄዳል። የሚቀረው አሲዳማ፣ ገበሬው «ኮምጣጣ» የሚለው አፈር ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማነት እንደነካው በጥናቶች በተደጋጋሚ ይጠቀሳል፤ የኛ አካባቢም ከዋነኞቹ ውስጥ ነው።

የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው። 7 መሃል ላይ ነው፤ ከዚያ በወረደ ቁጥር አሲድ ይጨምራል። ልብ በሉ፦ ፒኤች 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው በ10 እጥፍ አሲዳማ ነው። ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥር ያቀጭጫል። ፎስፈረስን ደግሞ ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። እዚህ ጋ ነው ኪስ የሚጎዳው። በስንት ልፋት የተገዛ ማዳበሪያ ማሳው ውስጥ ገብቶ ተክሉ አያገኘውም። ገብስና ስንዴ በተለይ ይጎዳሉ። ድንች ከእነሱ የተሻለ አሲድ ይችላል፤ ባንጃና አካባቢው ድንች አገር መሆኑም ለመሬቱ የሚስማማ ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው፦ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ኖራው አሲዱን ይሰብረዋል፣ ካልሲየም ይመልሳል። ሦስት ነገር ግን መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ መጠኑ በአፈር ምርመራ ይወሰናል፤ ማሳው በሙሉ ይበተንበት ከተባለ በሄክታር በቶን የሚቆጠር ሊፈልግ ይችላል፣ ጭነቱ ራሱ ወጪ ነው። ሁለተኛ፣ ከመዝራት በፊት ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ጥቅሙ በአንድ ክረምት አያልቅም፣ ለተወሰኑ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ምርት ብቻ «አልሠራም» ብሎ መፍረድ አይገባም። ኮምፖስትና ፍግ መጨመርም ያግዛል። የግብርና ባለሙያ ማሳችሁን ሲያይ «ፒኤቹ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የመጠየቅ መብት አላችሁ።

■ ዛፍ፦ ዲከረንስ እንዴት መጣ፣ ምን ያዘው?

መሬቱ ምርት ሲያንስበት የፋግታ ለኮማ ገበሬ የራሱን መላ ዘየደ። ዲከረንስ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። አሠራሩን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የጃፓኑ ቶቶሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አብረው አጥንተውታል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ ቀጥሎ ዛፉ ከፍ እስኪል በሥሩ የበቀለው ሣር ለከብት ይታጨዳል፤ በአምስት ዓመት ገደማ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም እንደገና ይታረሳል። ዛፉ ከአየር ናይትሮጂን ስለሚይዝ፣ ቅጠሉም ስለሚበሰብስ የደከመው አፈር ያገግማል።

ውጤቱ ከሳተላይት ይታያል። በአገሪቱ ብዙ ቦታ ደን እየሳሳ ባለበት ዘመን በፋግታ ለኮማ በዛፍ የተሸፈነው መሬት መጨመሩን በ2018 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ማንም ሳያስገድደው ገበሬው ራሱ ተከለ። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። በከሰል ገንዘብ ቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ልጅ ያስተማረ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ከዚያ በሽታው መጣ። ቅጠሉ ቡናማ ሆነ፣ ተጨማደደ፣ ችግኙ ቆሞ ደረቀ። የኢትዮጵያ የደን ተመራማሪዎች ከደቡብ አፍሪካው የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የዛፉን ናሙና መረመሩ፤ ያገኙት ዩሮሚክላዲየም አካሺዬ የሚባል ፈንገስ ነው። ስሙ አያስፈራችሁ፤ በቀላሉ የዛፍ ዋግ ማለት ነው። ስንዴ ላይ ዋግ እንደሚመጣው ሁሉ ይሄኛው የግራር ዘመዶችን ይመታል። በደቡብ አፍሪካም ከ2013 ጀምሮ የዲከረንስን የቅርብ ዘመድ ሲያጠቃ ቆይቷል። ዘሩ እንደ ዱቄት ደቃቅ ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል፤ በልብስ፣ በመሣሪያና በችግኝም ይጓዛል።

ለምን እንዲህ በፍጥነት ተዛመተ? ተራራውም ሜዳውም አንድ ዓይነት ዛፍ ስለሆነ ነው። ጥሩ ገቢ የሰጠው ነገር ራሱ ለአደጋ አጋለጠ። ፀረ ፈንገስ መድኃኒት አለ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ትልልቅ የዛፍ እርሻዎች ይረጩታል። ሩብ ሄክታር ላይ ለተከለ ገበሬ ግን ወጪው አይቀመስም። ዘላቂው መንገድ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መፈለግና ዛፍን አደባልቆ መትከል ነው። እስከዚያው ከታመመ አካባቢ ችግኝ አለማምጣት፣ የታመመ የችግኝ መደብ ሲገኝ ለግብርና ባለሙያ ማሳወቅ። መሬታችሁን ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ አትሸፍኑ፤ ይህ ምክር ዲከረንስን ለሚተካው ለማንኛውም ዛፍም ይሠራል።

■ ጉድጓድ፦ በዳንግሽታ ገበሬዎች የለኩት ውሃ

አሁን ደግሞ ደስ የሚለው። ዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ ቀበሌ የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ባልደረቦቹ ጋር በ2014 አንድ ሥራ ጀመረ። ጥያቄው፦ በጓሮ ጉድጓዶቻችን ያለው ውሃ ለበጋ መስኖ ይበቃል ወይ? ለዚህ በየቀኑ መለካት ያስፈልጋል። መለኪያ ጣቢያ ደግሞ በአፍሪካ ሁሉ እየቀነሰ ነው።

ታዲያ ምን አደረጉ? ሥራውን ለነዋሪዎቹ ሰጡ። የመንደሩ ሰዎች የዝናብ መለኪያውን፣ የጉድጓዶቹን የውሃ ከፍታ፣ የክልቲንና የብራንቲን ወንዞች ከፍታ በየዕለቱ እያነበቡ በመዝገብ ጻፉ። «ገበሬ የጻፈው ቁጥር ይታመናል?» ለሚለው ተመራማሪዎቹ በቂ ምርመራ አደረጉ። በዴቪድ ዎከር መሪነት በ2016 «ጆርናል ኦፍ ሃይድሮሎጂ» ላይ የወጣው ውጤት እንደሚለው የነዋሪዎቹ መረጃ ከመደበኛ ጣቢያዎች ጋር የሚወዳደር ጥራት አለው። የአካባቢውን ዝናብ በማሳየት ከሳተላይት ግምት የተሻለ ሆኖም ተገኘ። ዲግሪ አላስፈለገም። ሜትር፣ መዝገብና በየቀኑ የመገኘት ልማድ በቃ።

ስለ ውሃው ራሱስ? የኛ ውሃ ያለው ከላይ ባለው ቀይ አፈርና ተፈርካሽ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ ንብርብሩ ጥልቀት የለውም። ክረምት ሲገባ ቶሎ ይሞላል፣ ዝናብ ሲያቆም ደግሞ ቶሎ ይወርዳል፣ ወደ ወንዝ ይሄዳል። የጉድጓዱ ቦታ ወሳኝ ነው፤ ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ያለ ጉድጓድ ተዳፋት ላይ ካለው የበለጠ ውሃ ያቆያል። ስለዚህ ለትንሽ የጓሮ አትክልት የሚሆን አቅም አለ፤ ያለ ልክ በሞተር ለመሳብ ግን አይደለም።

በዚያው ዳንግሽታ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው የኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ ሙከራ አድርገዋል። አንድን የጓሮ መሬት ለሁለት ከፍለው ግማሹን እንደተለመደው ቆፍረው፣ ግማሹን ሳይቆፍሩ ሣር ጎዝጉዘው በጠብታ መስኖ አጠጡት። ጉዝጓዝ ያለበት ክፍል አነስተኛ ውሃ ወስዶ የተሻለ ምርት ሰጠ። ሣሩ ፀሐይን ይከላከላል፣ እርጥበት ይይዛል። የጠብታ ቱቦ ባይኖራችሁም ጉዝጓዙን ነገ መጀመር ትችላላችሁ።

■ «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ፖስት ሲመጣ

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ በየቀኑ «ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» ይባላል። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አራት ጥያቄ፦

1. ማን ነው ያጠናው፣ የትስ ታተመ? ስም ከሌለው ተጠራጠሩ።
2. ስንት ሰው፣ ስንት ማሳ፣ ለስንት ጊዜ?
3. ማነጻጸሪያ አለው? የምስራቅ ጎጃሙ ሙከራ እንክብካቤ ያላገኙትንም ስለቆጠረ ነው የምናምነው። እነሱ ባይኖሩ «19 ጊዜ ታመሙ» የሚለው ምንም አይነግረንም።
4. የት ተጠና? አውስትራሊያ ላይ የሠራ ነገር አዲስ ቅዳም ላይ ላይሠራ ይችላል።

■ አሁን የናንተ ተራ

እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ባሕር ዳርም ቅርብ ነው። ለመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ልጆች፣ ጥያቄው እግራችሁ ሥር ነው። ተማሪ ያልሆናችሁም እንደ ዳንግሽታ ሰዎች የጓሯችሁን ጉድጓድ በገመድ ለክታችሁ በየሳምንቱ ስልካችሁ ላይ መጻፍ ትችላላችሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለዚያ ጉድጓድ ከማንም የበለጠ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብንባል የምንለው ይሄን ነው። ብዙዎቹ እናቶቻችንና አባቶቻችን ስልክ ላይ አያነቡም፤ አንዳንዶቹም ከአማርኛው ይልቅ አዊኛው ይቀላቸዋል። ዛሬ ማታ እሳት ዳር ስትቀመጡ በራሳችሁ አፍ፣ በቤታችሁ ቋንቋ ንገሯቸው፦ የእግር እብጠት እርግማን አይደለም፣ አይጋባም፣ ከአፈር ነው፣ ይታከማል፤ ሕፃናቱ ደግሞ እርሻም ሲሄዱ ከብትም ሲጠብቁ ጫማ ያድርጉ። ቡና ላይ የማይመጡ ጎረቤት ካሉ ቡናውን እሳቸው ቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ አጣርተን እንመለሳለን። ለወዳጅ ዘመድ ሼር ማድረግ አትርሱ።